ማሳው ለምን ራቁቱን ይከርማል?

ክቡር አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ጋዜጣችሁ ላይ ስለ ማዳበሪያ ዋጋና ስርጭት በተከታታይ ሲጻፍ አነበብኩ። ገበሬው ማዳበሪያ በወቅቱ ማግኘት አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። የሚያሳስበኝ ማዳበሪያው የሚበተንበት አፈር ራሱ በጎርፍ እየሄደ መሆኑ ነው። ስለሱ የሚጽፍ ብዙም አላይም።

እኔ የአራት ኪሎ ነዋሪ ነኝ። ዘመዶቼ ግን ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለው የበቾ ሜዳ ያርሳሉ። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ መሬቱ ተደጋግሞ ታርሶ መለስለስ አለበት። ይህ ደግሞ ኃይለኛው ዝናብ ከሚወርድበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ቡቃያው መሬቱን እስኪያለብስ ዝናቡ የሚያርፈው በተፈታ አፈር ላይ ነው። ውሃ በሚተኛበት መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ላይ ያለ ማሳም ብዙ ጊዜ ክረምቱን ባዶውን ይቆያል፤ ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት ዝናቡ ሲያባራ ነው። ታጥቦ የሄደው አፈር የት እንደሚገባ ማየት የሚፈልግ አዋሽ ወንዝ ላይ ያለውን ቆቃ ግድብ ይመልከት። በደለል እየተሞላ ነው።

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በመንገዱ ዳር ሣርና አበባ ተተክሏል፤ ባዶ አፈር አይታይም። ደስ ይላል። የሚያበላን መሬትስ ለምን አይሸፈንም?

አፈር ሸፋኝ ሰብል፣ ማለትም መሬቱን ለመሸፈንና ለማበልጸግ የሚዘራ ተክል፣ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ጎጃም ውስጥ ገበሬው በደከመ መሬት ላይ ግብጦ ይዘራል። እንደ ሌሎቹ ጥራጥሬዎች የግብጦ ሥርም ለሰብል ምግብ የሚሆነውን ናይትሮጅን ከአየር የሚይዙ ባክቴሪያዎች አሉበት። በቆሎ በሚመረትበት አካባቢ ደግሞ በሽልሻሎ ጊዜ (የበቆሎው መሃል በሚታረስበት ወቅት) ላብላብ ወይም ቬች የተባሉትን የጥራጥሬ ዘመድ የሆኑ የመኖ ተክሎች በመስመሩ መሃል መዝራት ይቻላል። በቆሎው ከተነሳ በኋላ እርጥበቱ እስካለ ድረስ ተክሉ መሬቱን ሸፍኖ ይቆያል። አበባ ሲያወጣ ታጭዶ እዚያው ከተተወ ወይም ከአፈሩ ጋር ከታረሰ ያበለጽገዋል። ፍሬውም ገለባውም ከተወሰደ ግን አብዛኛው ናይትሮጅን አብሮ ይሄዳል። ይህን ለገበሬው በግልጽ መንገር ያስፈልጋል። ሸፋኝ ሰብሉ ፎስፈረስ የተባለውን ሌላውን የሰብል ምግብም አይተካም፤ ስለዚህ ማዳበሪያ ይቅር እያልኩ አይደለም።

ትልቁ እንቅፋት ልቅ ግጦሽ ይመስለኛል። አዝመራ እንደተሰበሰበ ከብት ይለቀቃል። አንድ ገበሬ ብቻውን ቬች ዘርቶ ሌሊቱን ሙሉ ሊጠብቅ አይችልም። መንደሩ ተስማምቶ ደንብ ማውጣት አለበት። ለከብቱም መኖ መታሰብ አለበት፤ ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ እየዋለ ለአፈሩ የሚተርፍ ነገር የለም። ላብላብና ቬች ራሳቸው ጥሩ መኖ ስለሆኑ ከፊሉን አጭዶ ማብላት፣ ከፊሉን ለመሬቱ መተው ይቻላል።

አንድ ልመና አለኝ። እባካችሁ ሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ድረስ ጋዜጠኛ ላኩ፤ ቅርብ ነው። የቬችና የላብላብ ዘር ለገበሬው በምን ዋጋ፣ ከየት እንደሚገኝ ይጠይቅልን። ከዚያ በየወረዳው ያሉ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ዘሩ በእጃቸው ስለመኖሩ አጣሩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከአራት ኪሎ