የበሩን እጀታ ይዤ የተናገርኩት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስ። በቅርቡ በዚህ ዓምድ አንድ አንባቢ ሳይኮሎጂስት ዘንድ አራት ጊዜ ሄደው «ወሬ ለማውራት ገንዘብ ከፈልኩ» ብለው ሲያማርሩ አነበብኩ። አልፈርድባቸውም። እኔም የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀጠሮዎች በወሬ ነው የጨረስኳቸው። ወሬኛው ግን እኔ ራሴ ነበርኩ።

በጂቡቲ መስመር 22 ዓመት ተሳቢ ነድቻለሁ። ከዓመት ተኩል በፊት ከሚሌ አለፍ ብሎ ሌሊት ተገለበጥን። እኔ ተረፍኩ፣ ረዳቴ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ጠላኝ። መሪ ስጨብጥ ላብ ያጠምቀኛል። ሥራውን ተውኩት። ባለቤቴ ለምና ለምና አዲስ አበባ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ቀጠሮ አስያዘችልኝ። ወንድሜ ሲሰማ «አማኑኤል ልትገባ ነው እንዴ?» አለ። የእኛ ሰው ሌላ አያውቅም።

ባለሙያዋ ልጄን ታክላለች። «እንዴት ሰነበቱ?» ስትለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እላለሁ። ከዚያ የነዳጅ ዋጋ፣ የጋላፊ ወረፋ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ። 50 ደቂቃው እልቅ ይላል። ደህና የሆነ ሰው ከአዳማ ድረስ ምን ሊሠራ ይመጣል? ጋራዥ ገብቼ መካኒኩን «መኪናው ምንም አልሆነም» ብለው ምኑን ይፈታዋል?

በአምስተኛው ቀን ተሰናብቼ ተነሳሁ። የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ዞር አልኩና «ረዳቴ እኮ ‹ጋሼ፣ ሚሌ እንደር› ብሎኝ ነበር» አልኳት። ከባለቤቴ እንኳ የደበቅኩት ነገር ነው። ውጭ ሌላ ሰው ተራ ይጠብቃል። «የሚቀጥለውን ሳምንት ከዚህ እንጀምራለን» አለችኝ። ያ ሳምንት እንዴት እንደረዘመ እኔ ነኝ የማውቀው። ብዙ ሰው ዋናውን ነገር በር ላይ ሲደርስ እንደሚናገር የነገረችኝ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እደርሳለሁ። ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ያን ቀን የማነሳውን ነገር በቁራጭ ወረቀት እጽፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ያውም የሚከብደኝን። ስገባ ሰላምታው እንዳለቀ እሱን አወጣለሁ። መዘግየትም ትቻለሁ። 20 ደቂቃ ካረፈድኩ የሚተርፈኝ 30 ነው፣ ማንም አያካክስልኝም።

ጫቱንም ደብቄያት ነበር። ስለ እንቅልፌ ሦስት ሳምንት ስትለፋ እኔ ከሰዓት በኋላ እየቃምኩ ነበር። ጫት እንቅልፍ እንደሚያባርር ለሾፌር አይነገረውም፣ የምንቅመውም ለዚያ ነው። ስነግራት አልተቆጣችም። ግን የሦስት ሳምንት ክፍያዬን ውኃ በላው።

ሌላው ይሉኝታ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ በረጅሙ እንድተነፍስ አስተማረችኝ። ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ያው መንገድ ነው። የተማረች ሰው ያለችውን እንዴት እምቢ እላለሁ ብዬ ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። በመጨረሻ «ይኼ ነገር እያባሰብኝ ነው» አልኳት። «እንኳን ነገሩኝ» ብላ ወዲያው ቀየረችው። አሁን ዓይኔን ገልጬ፣ እግሬን መሬት ላይ ተክዬ፣ በክፍሉ ውስጥ የማየውን አምስት ነገር እየቆጠርኩ እተነፍሳለሁ። ይሠራል።

እውነቱን ለመናገር እንደ ንስሐ አባት ቀኖና ሰጥታ የምታሰናብተኝ መስሎኝ ነበር። «ጥፋተኛ ነኝ ወይስ አይደለሁም?» ብዬ ፈርጠም ብዬ ጠይቄያታለሁ። አልፈረደችም። በዚያ ቀን ተናድጄባት ነው የወጣሁት፣ መናደዴንም በሳምንቱ ነገርኳት። እስካሁን ካወራናቸው ሁሉ የሚበልጠውን ያወራነው ያን ቀን ነው።

የቤት ሥራም አለ። ቅዠቱ በስንት ሰዓት እንደመጣ፣ ከመተኛቴ በፊት ምን እንዳደረግኩ፣ ፍርሃቱ ከ10 ስንት እንደሆነ እጽፋለሁ። መጀመሪያ አውቶቡስ ውስጥ በጉልበቴ ላይ እየሞላሁ አጭበረብር ነበር፣ ያውም በሁለት ዓይነት እስክሪብቶ። ሳቀችብኝ። በሳምንት አንድ ጊዜ ከእሷ ጋር ነኝ፣ ስድስቱን ቀን ከራሴ ጋር። ወረቀቱ ለስድስቱ ቀን ነው።

አማራሪው አንባቢ አምስተኛ ጊዜ ይሂዱ እላለሁ። ሄደው ደግሞ ይህንኑ ቅሬታ ለጋዜጣ ሳይሆን ለባለሙያው ይንገሩት። እሱም ካልሰማቸው ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ።

እኔ መጀመሪያ የተሳቢ ፎቶ ማየት፣ ቀጥሎ ሞተሩ የጠፋ መኪና ውስጥ መቀመጥ ነበር የታዘዝኩት። ባለፈው ሐሙስ ሞተሩን አስነስቼ ሩብ ሰዓት ቆየሁ። ፍርሃቱ ከ8 ጀምሮ 5 ላይ ቆመ። በሚቀጥለው ሳምንት በተሳፋሪነት ከጓደኛዬ ጋር እስከ አዋሽ ልሄድ ነው። ሚሌ ገና ነው።

የቀድሞ የጂቡቲ መስመር ሾፌር
ከአዳማ