ለደንበኞቻችን፦ የዘንድሮው የጀልባ ዊንተራይዝ (ለብርድ ማዘጋጀት) ለምን እንደተቀየረ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም የላክነው ማስታወቂያ ብዙዎቻችሁን አስቆጥቷል። የደወላችሁ አላችሁ፣ የጻፋችሁ አላችሁ፣ በሰው በኩል ያስነገራችሁም አላችሁ። «ሀበሻ ሆኖ በሀበሻ ላይ እንዲህ ይጨክናል እንዴ?» የሚለውን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ነገሩ ግን ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ማስታወቂያው አጭርና ደረቅ ነበር፣ ቅር ላላችሁ ሁሉ ይቅርታ። ውሳኔው ግን አይቀየርም። ለምን እንደማይቀየር ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ከምደግመው አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ላልደረሳችሁ፣ ነገሩ ይህ ነው። ከዚህ መኸር ጀምሮ «ውሃውን ብቻ አውጣልኝ» የሚባለውን የ180 ዶላር ሥራ አንሠራም። ጄት ጀልባ ለብርድ የምናዘጋጀው ሙሉ በሙሉ ነው፤ ባለ አንድ ሞተር 460 ዶላር፣ ባለ ሁለት ሞተር 640 ዶላር። ከኦክቶበር 10 በኋላ አንቀበልም። ዘንድሮ ከሰው የገዛችሁት ያገለገለ ጀልባ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ከፍተን እናየዋለን፣ ያየነውን በፎቶ እንልክላችኋለን፣ ከዚያ ነው ሥራ የምንጀምረው።

እንግዲህ ወደ ምክንያቱ።

ብዙዎቻችሁ ጀልባችሁን የገዛችሁት ከማስታወቂያ ላይ ነው፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አዋጥታችሁ። ጥሩ አድርጋችኋል፤ እዚህ ሚኒሶታ ከ10 ሺህ በላይ ሐይቅ ባለበት አገር ጀልባ አለመያዝ ይቆጫል። ግን ያገለገለ ጄት ጀልባ ያገለገለ መኪና አይደለም። ከኋላ የሚሽከረከር ፕሮፔለር የለውም። ከሆዱ ሥር ባለው ወንፊት ውሃ ይስባል፣ ውስጡ የሚሽከረከረው ኢምፔለር ይገፋዋል፣ ከኋላ በኃይል ይተፋዋል። ከዚያው ከሚስበው ውሃ የተወሰነው ወደ ውስጥ ገብቶ ሞተሩንና ማርሚታውን ያቀዘቅዛል። ማለትም ሐይቅ ላይ በዋላችሁ ቁጥር ሐይቁ ሞተራችሁ ውስጥ ይገባል። ከሐይቁ ስትወጡም ሁሉም አብሮ አይወጣም።

እዚህ ላይ ነው ጠቡ የሚጀምረው። አንድ ደንበኛዬ «እኔ እኮ መሰኪያውን ነቅዬ ነው የማመጣው፣ ውሃ የለበትም» ብሎ ተከራከረኝ። መሰኪያውን መንቀላችሁ ግዴታችሁ ነው፤ የሚኒሶታ ሕግ ከሐይቅ ስትወጡ ነቅላችሁ፣ መንገድ ላይም እንደተነቀለ እንድትሄዱ ያዛል። ይህም ዚብራ መስል የሚባለውን ቀንድ አውጣ መሳይ ነገር ከሐይቅ ወደ ሐይቅ እንዳታዛውሩ ነው፤ ሚኒቶንካ ሐይቅ ላይ በ2010 ተገኝቶ እስካሁን አልጠፋም። ግን ያ መሰኪያ የሚያፈሰው የጀልባውን ሆድ ነው። ሞተሩ ውስጥ፣ ማርሚታው ውስጥ፣ ቱቦዎቹ ጉብጠት ላይ የተኛውን ውሃ አይነካውም። ውሃ ደግሞ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ገደማ ያብጣል። ፍሪዘር ውስጥ የረሳችሁትን የመስታወት ጠርሙስ አስቡት። አሉሚኒየም ከጠርሙስ ይሻላል ብላችሁ አትታለሉ፣ እሱም ይሰነጠቃል፤ ጠርሙሱ የሚሻለው ወዲያው ስለሚታይ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። የያማሃ ጀልባዎች የሐይቁን ውሃ ቀጥታ በሞተሩ ውስጥ ያዞራሉ። ሲ-ዱ ጀልባዎች ላይ ያለው ሮታክስ ፎር-ቴክ ሞተር ግን እንደ መኪና የራሱ ኩላንት፣ ማለትም ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ አለው። ይህችን ሻጮች በደንብ ያውቋታል። «ክሎዝድ ሉፕ ነው (ማቀዝቀዣው ዝግ ነው)፣ ብርድ አይነካውም፣ ዝም ብለህ አቁመው» ይሏችኋል። ግማሹ እውነት ነው። ሞተሩ ራሱ ኩላንት አለው፤ ማርሚታው ግን የሐይቅ ውሃ ነው የሚጠጣው፣ ሱፐርቻርጀር (አየር ወደ ሞተሩ በኃይል የሚያስገባ ዕቃ) ባላቸው ላይ ያንን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለርም እንደዚያው። ኩላንቱስ ቢሆን? የቀድሞው ባለቤት በጎደለ ቁጥር የቧንቧ ውሃ ሲጨምርበት እንደነበር በምን ታውቃላችሁ? እኛ በመለኪያ እናየዋለን። 0 ዲግሪ ፋራናይት እንኳ የማይችል ኩላንት ያለባቸው ጀልባዎች መጥተውልናል። ጃንዋሪ እዚህ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም።

ታዲያ የ180ው ሥራ ምን ነበር? ሞተሩን አስነስተን፣ ትንሽ አስጩኸን ውሃውን እንዲተፋ ማድረግ፣ ባትሪውን መፍታት፣ መሸፈን። ሲጠሩት «ዊንተራይዝ» ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም አልወደውም ነበር፤ ደንበኛ ጠየቀ፣ ደንበኛ ንጉሥ ነው ብዬ፣ ወረቀት ላይ «ውሃ ማውጣት ብቻ» ብለን ጽፈን አስፈርመን እንሠራው ነበር። ጸደይ ሲመጣ ግን ያንን ወረቀት ማንም አያስታውሰውም። ባለፈው ሜይ አንድ ወንድማችን ጀልባውን ይዞ ወጣ፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳያስቸግር ተነሳ፣ ቤተሰቡን ጭኖ ሐይቁ መሃል ደረሰ፣ ዘይቱ ወተት መስሎ ተመለሰ። ስንጥቁ ክረምቱን ሙሉ እዚያው ነበር፤ ሞተሩ ሲሞቅ ነው ውሃና ዘይት የተገናኙት። ሞተር ማስቀየሪያው ጀልባው ከተገዛበት ዋጋ በላይ ነው። የጀልባ ኢንሹራንስ ደግሞ ብዙ ጊዜ በብርድ የተሰነጠቀን አይከፍልም፣ ውላችሁን አውጥታችሁ እዩት። ሰውየው የተቆጣው በማን ላይ ነው? በሻጩ ላይ አይደለም። በሚኒሶታ ብርድም ላይ አይደለም። በእኔ ላይ ነው። አሁንም ድረስ ሠርግ ቤት ስንገናኝ ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው፣ እና ያማል።

ስለዚህ ነው ግማሽ ሥራ ያቆምነው።

460 ዶላሩ ውስጥ ምን አለ ለምትሉ። መጀመሪያ ጀልባውን በጎማ ውሃ አገናኝተን እናጥበዋለን። ይህችን እቤት የምትሞክሩ ሁሉ ልብ በሉ፤ ሞተሩ መጀመሪያ ይነሳል፣ ከዚያ ውሃው ይከፈታል፣ ስትጨርሱ ደግሞ ውሃው መጀመሪያ ይዘጋል፣ ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል። ከተገላበጠ ውሃው በማርሚታው ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፣ እኔ ጋ የምትመጡትም በዊንች ተጎትታችሁ ነው። ያለ ውሃም ብዙ አታስጩኹት፤ ሰከንዶች ብቻ። ከዚያ ሮዙን አንቲፍሪዝ፣ በብርድ የማይረጋውን ፈሳሽ፣ እስኪወጣ ድረስ እናሳልፍበታለን። ሮዝ የምለው ፕሮፒሊን ግላይኮሉን ነው፣ አረንጓዴውን የመኪና አንቲፍሪዝ አይደለም፤ ያኛው መርዝ ነው፣ ጸደይ ላይ ደግሞ ቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ነው የሚፈሰው፣ ልጆቻችሁ የሚዋኙበት። «አንድ ጋሎን ይበቃል» ትሉኛላችሁ። ውስጥ የቀረ ውሃ ካለ ያቀጥነዋል፣ የቀጠነ አንቲፍሪዝ ደግሞ ጋሎኑ ላይ የተጻፈውን ዲግሪ አይችልም። ለዚህ ነው የሚወጣውን ተቀብለን የምንለካው።

ዘይትና ፊልትሮ በመኸር እንቀይራለን፣ በጸደይ አይደለም። የተሠራበት ዘይት ውስጥ አሲድና እርጥበት አለ፣ እሱ ሰባት ወር ኩሽኔታው ላይ ተኝቶ ይበላዋል። ካንዴላዎቹን ፈትተን ሲሊንደሮቹ ውስጥ መከላከያ ዘይት እንነፋለን። ቤንዚኑ ላይ ማረጋጊያ እንጨምራለን። የሚኒሶታ ተራ ቤንዚን ኢታኖል አለበት፣ ኢታኖል ውሃ ይስባል፣ ብዙ ሲስብ ከቤንዚኑ ተለይቶ ታንከሩ ሥር ይተኛል። ለጀልባ ኢታኖል የሌለበት 91 ኦክቴን ይሸጣል፤ ትንሽ ይወደዳል፣ ግን እባካችሁ እሱን ሙሉ።

ኢምፔለሩ ያለበትን ፓምፕ ደግሞ እንከፍታለን። ጄት ጀልባ የሐይቁን ጠጠር፣ ገመድ፣ ሣር፣ አንዳንዴም የልጅ ፎጣ ይውጣል። ኢምፔለሩና ዙሪያውን ያለው ቀለበት መካከል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው፤ ቀለበቱ ከተቧጨረ ሞተሩ ይጮኻል ጀልባው አይሄድም። ብዙዎቻችሁ «ሞተሩ ደከመ» ብላችሁ የምታመጡት ይህ ነው። ሱፐርቻርጀር ያለው የቆየ ፎር-ቴክ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የቀድሞዎቹ ውስጥ የሴራሚክ ዋሸር አለ፣ ሲያረጅ ይፈረካከስና ስብርባሪው ሞተር ዘይት ውስጥ ይገባል። ሻጩ «ሰዓቱ ትንሽ ነው» ቢልም መቼ ታድሶ እንደነበር ወረቀት ከሌለው እኔ አላምነውም። ሲ-ዱ የስፖርት ጀልባ መሥራት ያቆመው በ2012 ነው፣ ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለው ሁሉ ዕድሜው የገፋ ነው። ሞተሩ ከጄት ስኪዎቹ ጋር አንድ ዘር ስለሆነ ዕቃ ይገኛል፤ በዚያስ እግዚአብሔር ይመስገን።

መጨረሻ ላይ ማርሚታው ጫፍ ላይ አይጥ እንዳይገባ እንደፍናለን፣ ጀልባውን አፍንጫውን ከፍ አድርገን እናቆማለን፣ ባትሪውን ሞቃት ክፍል ውስጥ እናስከፍላለን። ይህ ሁሉ የአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ አንዳንዴም ይበልጣል።

አሁን ስለ ዋጋ። የጋራዡ ኪራይ ጨምሯል። የእናንተን ጀልባ አስቀምጬ ለማደር የምከፍለው ኢንሹራንስ ጨምሯል። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ቤተሰብ አላቸው፣ በሰዓት የምከፍላቸው ሌላ ቦታ ከሚከፈላቸው እንዳያንስ እጨነቃለሁ፤ ካነሰ ይሄዳሉ፣ ከሄዱ ደግሞ ጀልባችሁን የሚነካው ማን እንደሆነ እንጃ። አንዳንዶቻችሁ ትልልቆቹ የጀልባ ድርጅቶች ጋ ዋጋ ጠይቃችሁ መጥታችኋል። የነገሯችሁን ታውቃላችሁ። እኔ ምንም አልልም።

«ዩቲዩብ ላይ በ40 ዶላር ይሠራል» ያለኝ ልጅም አለ። ልክ ነው፣ ይሠራል። እጁ የሚችል ሰው ይሥራው፣ አልቀየምም።

ቀኑስ ለምን ኦክቶበር 10? በዚያ ሰሞን ሌሊቱ ከ32 ፋራናይት በታች መውረድ ይጀምራል። እናንተ ደግሞ «መስቀልን እናክብር፣ አንድ ቅዳሜ እንጨምር» ትሉና፣ ውርጩ ሲታወጅ ሁላችሁም በአንድ ማታ ትሬይለር እየጎተታችሁ በሬ ላይ ትደርሳላችሁ። አምና እስከ ሌሊት በባትሪ መብራት ስንሠራ ባለቤቴ እራት አምጥታልን ነበር፤ ተመልክታን ምንም ሳትል ሄደች። በጥድፊያ የተሠራ ሥራ ላይ ስሜን ማስፈር አልፈልግም።

እኔ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። የአጎቴ የሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ሰው ያመላልስ ነበር፣ ግራሶ መንካት የተማርኩት እዚያ ነው። ጣና በረዶ ሆኖ አያውቅም፣ ስለዚህ ይህ ሁሉ ጣጣ እኔ አላውቀውም ነበር። እዚህ መጥቼ አንድ ጀልባ ማቆሚያ ውስጥ ጀልባ አጣቢ ሆኜ ስቀጠር፣ ሰው በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ ፒክአፕ እየነዳ ዓሣ ሊያጠምድ ሲሄድ ሳይ ያበዱ መስሎኝ ነበር። ሥራውን እዚያ ከሥር ከሥር እያየሁ ተማርኩት። በኋላ ቤቴ ደጃፍ ላይ ስጀምር የመጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ ሊፍት ሳይኖረኝ፣ ምልክት ሳይኖረኝ፣ «ወንድማችን ነው ይሥራ» ብላችሁ። ያንን አልረሳሁም። ስለዚህ ነው «ፈረንጅ ሆነ» ስትሉኝ ቆዳዬ ውስጥ የሚገባው።

የምችለውን ላድርግ። ከመስቀል በፊት ቀጠሮ ለያዛችሁ የቆዩ ደንበኞች ክፍያውን ለሁለት መክፈል ይቻላል፣ ግማሹ አሁን፣ ግማሹ በጸደይ ጀልባውን ስትወስዱ። ራሳችሁ መሥራት ለምትፈልጉ ደግሞ በሴፕቴምበር የመጨረሻው ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡ ክፍት ነው፤ በአንድ ያማሃና በአንድ ሲ-ዱ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳያችኋለሁ፣ በነፃ። ቡና አለ። ጥያቄ ይዛችሁ ኑ፣ ቁጣም ካለ ይዛችሁ ኑ፣ ፊት ለፊት ይሻላል።

ጀልባውን ስታመጡ ታንከሩ ሙሉ ይሁን፣ ውስጡ ያለውን ምግብና ላይፍ ጃኬት አውጡ፤ አይጥ ሁለቱንም ትወዳለች። የሲ-ዱ ባለቤቶች፣ ገመድ ያለውን ቁልፍ እባካችሁ እቤት አትርሱ። ለጀልባው የተመዘገበ ስለሆነ ያለ እሱ ሞተሩን ማስነሳት አንችልም፣ ወረፋችሁም ለሚቀጥለው ሰው ያልፋል።

አክባሪያችሁ፣
የጋራዡ ባለቤት