ልጁ እንስሳ ከወደደ ምን ይሁን?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። ቅዳሜ ሲሆን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ካልሄድኩ ይላል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉትን አንጀት ሲሻሙ ቆሞ ያያል፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚነጥቅ ሳይቀር ለይቶ ያውቃል። ቤተሰቡ ግን «ዶክተር ሁን» እያለ መፈናፈኛ አሳጥቶታል። እሺ፣ የእንስሳት ዶክተርስ ዶክተር አይደለም እንዴ?

ሐዋሳ ተቀምጠን ይህን መጠየቃችን ራሱ ይገርመኛል። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። ወንዶ ገነትም ቅርባችን ነው፤ የደንም የዱር እንስሳትም ትምህርት እዚያ አለ። ዓሣ እርባታ አለ፣ ንብ ማነብ አለ፣ ወፍ ሊያይ የሚመጣ ቱሪስት ማስጎብኘት አለ (ቋንቋ ካለው ማለቴ ነው)። የሰንቀሌን ቆርኬ፣ የባሌን ቀይ ቀበሮ የሚጠብቅ ሰውም ያስፈልጋል።

ደመወዙ የሚያኩራራ አይደለም፣ አልዋሽም። ገጠር መመደብ አለ፣ በክረምት ጭቃ እያቦኩ የታመመች ላም ጋ መድረስ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ክረምቱን አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ሄዶ ያግዝ። ላም በጭንቅ ስትወልድ አይቶ ካልሸሸ፣ እባካችሁ ልጁን ተዉት።

አንድ አጎት፣ ከሐዋሳ