ስንጣሪውን ከእናት ድንጋዩ አትለዪው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ኅዳር 12

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሙቀቱ ከሰሞኑ ረገብ ስላለ ማታ ማታ ከእናትሽ ጋር በረንዳ ላይ መቀመጥ ጀምረናል። የላክሽው ፎቶግራፍ የደረሰን እዚያው ቡና እየጠጣን ሳለ ነው። ቤልጂየም ውስጥ፣ ስፒየን ማሳ ላይ ቆመሽ ባልጩት በመዳፍሽ ይዘሻል። ከሥሩ «አባባ፣ ላምጣልህ?» ብለሽ ጽፈሻል።

አታምጪው፣ ልጄ። ካነሣሽበት መልሺው። ቦታው በ2000 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ከ6,000 ዓመት በፊት ገደማ የአዲሱ የድንጋይ ዘመን ሰዎች ነጩን የጠመኔ አለት እየበሱ፣ አንዳንዱን ጉድጓድ እስከ 16 ሜትር ድረስ ወርደው ባልጩት አውጥተውበታል። የምከለክልሽ ግን ሕግ ፈርቼ ብቻ አይደለም። እኔው ራሴ ያጠፋሁትን ጥፋት እንዳትደግሚው ብዬ ነው።

አልጋዬ ሥር ያለውን የብስኩት ቆርቆሮ ታውቂዋለሽ። በወጣትነቴ፣ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ ስሠራ፣ እሑድ እሑድ ከጓደኞቼ ጋር ከከተማው በስተደቡብ ወዳሉት ኮረብታዎች እንወጣ ነበር። ሹል ሹሉን፣ ስለቱ ያማረውን የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ እየመረጥን እናነሣለን፤ ዱልዱሙን ድንጋይና ፍቅፋቂውን እንረግጠዋለን። ማታ ሁሉንም አንድ ላይ እገለብጠዋለሁ። ዛሬ ቆርቆሮው ሙሉ ነው፤ ነገር ግን የትኛው ከየትኛው ኮረብታ እንደመጣ ብትጠይቂኝ መልስ የለኝም። የድንጋዩን ግማሽ ነገር እዚያው ሜዳ ላይ ጥዬው መጥቻለሁ።

ከዚያው አቅጣጫ ያለውን ፖርክ ኤፒክን፣ የጃርቱን ዋሻ፣ አስቢው። በ1933 እ.ኤ.አ. ፈረንሳውያን ቆፍረውታል፤ በ1970ዎቹ ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች መጥተው ቀጥለዋል። እነዚህ የኋለኞቹ ያወጡትን ከነጥልቀቱ ስለመዘገቡ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ከ4,000 በላይ የቀይ አፈር ቁራጮችን፣ በክብደት 40 ኪሎ ያህል፣ መርምረው ዕድሜው ወደ 40,000 ዓመት እንደሚጠጋ ሊናገሩ ችለዋል። እኔ ቆርቆሮ ውስጥ ብጨምረው ኖሮ ቀይ አፈር ሆኖ ይቀር ነበር።

አንድ ቀን ብቻ በደንብ ሠርቻለሁ፤ ያንን ልንገርሽ። ዝናብ መንገዱን አጥቦት ሳለ ጡጫ የሚያክል ማር መሳይ ድንጋይ አገኘሁ። መሣሪያ አልነበረም፤ መሣሪያ የተፈለጠበት ነው። ተመራማሪዎቹ ኮር ይሉታል፤ እኔ እናት ድንጋይ ብዬዋለሁ። አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ምቱ ያረፈው እዚያ ነው። ከአናቱ ወደ ታች አምስት ጎድጓዳ መስመሮች ይወርዳሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ስለት የወጣበት ስፍራ ነው። በዙሪያው ስንጣሪዎች ተበትነው ስለነበር ያን ቀን ብቻ ሁሉንም ለቅሜ በመሐረብ ቋጠርሁ።

ቤት ገብቼ ከቡና ረከቦቱ አጠገብ ዘረጋኋቸው። የስንጣሪ ሆዱ ከምቱ ሥር ትንሽ ጉብታ አለው፤ ከጉብታው እንደ ውኃ ሞገድ የሚሰፋ መስመር ይነሣል። እናት ድንጋዩ ላይ ደግሞ ጉብታው የነበረበት ቦታ ጎድጉዶ ይቀራል። አንዷን ስንጣሪ አንሥቼ ወደ ጎድጓዳው ሳስጠጋት ቀጭ ብላ ገባች። ጥፍሬ እንኳን ክፍተቱን አላገኘውም። እጄ ተንቀጠቀጠ። ያ ሰው የመታበትን ቅጽበት የያዝሁ መሰለኝ።

አዙሬ ሳየው ደግሞ በአንዱ ጎን ላይ ምቱ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቧል። ስንጣሪው እስከ ታች ሳይወርድ መሐል ላይ እየተሰበረ ደረጃ ሠርቷል፤ ጠርዙም ተቀጥቅጦ ደቅቋል። ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው ይህን ወዲያው ያውቀዋል። ለማጅ ብረቱ እምቢ ሲለው ማዕዘኑን አይለውጥም፤ እዚያው ላይ ጉልበት ይጨምራል። ይህን ድንጋይ ያበላሸው ልጅ ይመስለኛል፤ ጥሩ ጥሩዎቹን አምስት መስመሮች ያወጣው ደግሞ አስተማሪው። ሹል ሹሉን ብቻ ለቅሜ ብሄድ ኖሮ ይህን ልጅ አላገኘውም ነበር።

ስለዚህ ማሳው ላይ ስትሄጂ ዓይንሽን የተጣለው ላይ አድርጊ። መሐል ላይ የተሰበረ የመጥረቢያ ጅምር ካየሽ ሥራው ለምን እንደቆመ ፈልጊ፤ ውስጡ ስንጥቅ ይኖር ይሆናል። ሙዚየም ከሄድሽ የባልጩት ማጭድ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። እህል ያጨደ ባልጩት ጠርዙ በሰብሉ አገዳ ተወልውሎ ቅባት የተቀባ ይመስላል። እናትሽ ይህን ስነግራት «የአያቴ ማጭድም እንዲያ ያበራ ነበር» አለች። በእኛ ሀገር እኮ ይህ ጥበብ ከእጅ አልጠፋም፤ ኮንሶ ውስጥ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች በዘመናችንም ድንጋዩን ራሳቸው እየፈለጡ ሠርተውበታል።

ያገኘሽውን ባልጩት እዚያው እንዳለ በእርሳስ ሳዪው፤ ርዝመቱን ለኪ፤ ከየትኛው የማሳ ጥግ እንደሆነ ጻፊና ሥዕሉን ላኪልኝ። ለእኔ ስጦታዬ እሱ ነው።

እኔም ቆርቆሮውን ለከተማው ባህል ቢሮ ላስረክብ ወስኛለሁ። ቤት ሊቀመጥ የማይገባው ነገር ነበር፤ ዘግይቻለሁ። «ቦታው ያልታወቀ» ብዬ ወረቀት ለጥፌበታለሁ፤ እሱን ስጽፍ ከብዶኝ ነበር። ያንን እናት ድንጋይ ግን ለብቻው አድርጌ የተገኘበትን መንገድ በእርሳስ ነድፌ አብሬ አስገብቻለሁ። ስንጣሪዋንም ከቦታዋ አግብቼ በዚያው በአሮጌው መሐረብ ጠቅልዬ በክር አስሬዋለሁ።

እናትሽ ብርድ እንዳይመታሽ ትላለች። 

አባትሽ