ጉዳዩ፦ ከዴቨሎፕመንት ኪቱ ጋር የተረከብነውን ዲበገር ይመለከታል

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ለኤሌክትሮኒክስ ማሠልጠኛችን ከድርጅታችሁ የገዛናቸውን ባለ ኮርቴክስ ኤም 4 ማይክሮኮንትሮለር (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ) ዴቨሎፕመንት ኪቶች፣ ማለትም የመለማመጃ ቦርዶች፣ ተረክበን ሥራ ላይ አውለናል። በቺፑም ሆነ በቦርዱ አሠራር ላይ ቅሬታ የለንም። ቅሬታችን ቦርዱ ላይ ተገጥሞ የመጣውን ዲበገር (ፕሮግራምን በሥራ ላይ እያለ እያቆሙ ስህተት የሚፈልጉበትን መሣሪያ) እና አብሮት የተሰጠውን ሶፍትዌር የሚመለከት ሲሆን፣ ዋናው ነጥብም መሣሪያው ያላደረገውን ነገር እንዳደረገ አስመስሎ ማሳየቱ ነው።

እንደሚታወቀው በዚህ ኮር (የቺፑ ፕሮሰሰር) ላይ ያለው የሃርድዌር ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ እንዲቆም ምልክት የሚደረግበት ቦታ) ክፍል ፍላሽ (የቺፑ ቋሚ ማኅደረ ትውስታ) ላይ የተጫነን ፕሮግራም ሊያቆም የሚችለው ቢበዛ 6 ቦታ ላይ ነው። ይህ የኮሩ ተፈጥሮ በመሆኑ ማንንም አንወቅስበትም። ነገር ግን 7ኛውን ብሬክፖይንት ስናስቀምጥ ሶፍትዌሩ «አይቻልም» በማለት ፈንታ፣ ልክ እንደ ሌሎቹ ከመስመሩ አጠገብ ቀይ ነጥብ ያኖርና ፕሮግራሙ በዚያ መስመር ሳይቆም ያልፋል። ሠልጣኞቻችን ችግሩ የገጠማቸው የታይመር ኢንተራፕት (ሰዓት ቆጣሪው ምልክት ሲሰጥ በራሱ የሚጠራ ፈንክሽን) ሲጽፉ ነበር። ቀዩ ነጥብ በፈንክሽኑ የመጀመሪያ መስመር ላይ እያለ ፕሮግራሙ ስላልቆመላቸው ኢንተራፕቱ ጨርሶ አልተጠራም ብለው ደመደሙ፤ የታይመሩን ሪጅስተሮች፣ የኢንተራፕቱን ቅድሚያና የክሎኩን አወቃቀር እያፈረሱ እንደ አዲስ ጻፉ። ይህ ሁሉ ሲሆን እዚያው ፈንክሽን ውስጥ የሚታዘዘው ኤልኢዲ ፊታቸው ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ጀማሪ ከኤልኢዲው ይልቅ ዲበገሩን ቢያምን የሚፈረድበት አይመስለንም።

ለቴክኒክ ክፍላችሁ ስንደውል የተሰጠን መልስ «ሶፍትዌሩን ዘግታችሁ ክፈቱት» የሚል ነበር። እንደተባልነው አድርገን ለውጥ ስላጣን፣ የቦርዱን ዲበገር በጃምፐሩ ከቺፑ ነጥለን በሲኤምሲስ ዳፕ (ለዲበገሮች በወጣ የጋራ የግንኙነት ደንብ) የሚሠራ የራሳችንን ዲበገር አገናኘን፤ በኦፕን ኦሲዲና በጂዲቢም (በሌሎች የዲበገር ሶፍትዌሮች) ያንኑ ፕሮግራም ሞከርን። ጂዲቢ 7ኛው ላይ ሲደርስ የሃርድዌር ብሬክፖይንቶቹ ከልክ በላይ መብዛታቸውን በግልጽ መልእክት አሳውቆ ፕሮግራሙን ለማስቀጠል እምቢ አለ። ስለሆነም ጉድለቱ የሶፍትዌሩ እንጂ የቺፑ አለመሆኑን አረጋግጠናል።

ይህን ሙከራ ለማድረግ ያየነው ፈተና ደግሞ ሌላ ቅሬታ ወልዷል። ካርቶኑ ላይ ቦርዱ «ከውጭ ዲበገር ጋር ይሠራል» ተብሎ የተጻፈ ቢሆንም፣ ለባለ 10 ፒኑ ማገናኛ የተተወው ቦታ ባዶ ነው። በፒኖቹ መካከል ያለው ርቀት 1.27 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ የዳታውን፣ የክሎኩን፣ የግራውንዱንና የቮልቴጅ ማመሳከሪያውን ሽቦ በእጅ መበየድ ልምድ ላለው ባለሙያም አድካሚ ነው፤ ለሠልጣኝማ አይታሰብም። የሊነክስ አጫጫን በመመሪያው ውስጥ አንድም ቦታ አለመጠቀሱንም በዚሁ አጋጣሚ እንጠቁማለን።

ሶፍትዌሩን የሠራው አምራቹ እንጂ ድርጅታችሁ እንዳልሆነ እንረዳለን። ሆኖም የግዢ ውላችን ከእናንተ ጋር ስለሆነ፣ ከአምራቹ ጋር ተነጋግራችሁ ከአቅሙ በላይ የሆነ ብሬክፖይንት ሲጠየቅ በግልጽ የሚያሳውቅ የተስተካከለ ሶፍትዌር እንድታቀርቡልን፣ እስከዚያውም ቦርዶቹን ማገናኛው በተበየደባቸው ቦርዶች እንድትለውጡልን እንጠይቃለን። ይህ የማይቻል ከሆነ ኪቶቹን ተረክባችሁ ገንዘባችንን እንድትመልሱ፣ በየትኛውም ሁኔታ ደብዳቤው በደረሳችሁ በ15 ቀናት ውስጥ ውሳኔያችሁን በጽሑፍ እንድታሳውቁን በአክብሮት እናመለክታለን። 7ኛው ብሬክፖይንት ሲታለፍ የሚያሳየውን አጭር ፕሮግራምና የጂዲቢውን መልእክት ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል።

ከሠላምታ ጋር

የላብራቶሪ ኃላፊ