ስለሚረጋው ዘይትና ስለ ጉበታችን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በባሕር ዳር በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የፓልም ዘይት ጀሪካኑ ውስጥ ነጥቶ ሲረጋ ያየ ሰው ሁሉ «ደም ሥራችን ውስጥም እንዲሁ ይረጋል» ሲል እሰማለሁ። ይህ ስህተት ነው፤ በሰውነታችን ሙቀት፣ ማለትም በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ይህ ዘይት ይቀልጣል። መፍራት የሚገባን ለጉበታችን ነው።

ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ በብርድ ቶሎ የሚረጋው፣ «ሳቹሬትድ» የሚባለው ቅባት ሲሆን፣ በሱፍ አበባ ዘይት ውስጥ ግን ድርሻው ከመቶ 11 ገደማ ነው። በስዊድን ኡፕሳላ ተካሂዶ በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ 39 ወጣቶች በሁለት ተከፍለው ለ7 ሳምንታት ከመደበኛ ምግባቸው በላይ በፓልም ወይም በሱፍ አበባ ዘይት የተጋገረ ኬክ እንዲበሉ ተደረገ። የሁለቱም ወገን ክብደት በአማካይ 1.6 ኪሎ ግራም ጨመረ፤ በጉበት የተጠራቀመው ስብ ግን በፓልም ተመጋቢዎቹ ላይ እጅግ በዛ። የእኛው የኑግ ዘይት በይዘቱ ለሱፍ አበባው የቀረበ በመሆኑ፣ ምርጫው ለእኔ ቢሆን ለወጥ ኑግን አስቀድማለሁ፤ በልኩ ከሆነ ነው እንጂ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከየትኛውም ዘር ቢሆን 120 ካሎሪ ያህል አለው።

ለመጥበሻ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ኑግ ደጋግሞ ሲግል ከፓልም ቀድሞ ይበላሻል። በጣና ዳር ቆሮሶና አምባዛ በሚጠበስባቸው አንዳንድ ቤቶች (አሳውን እኔም እወደዋለሁ) ዘይቱ ጠቁሮ፣ ወፍሮና አረፋ እየደፈቀ፣ ገና እሳቱ ሳይበረታ እየጨሰ፣ አዲስ ዘይት ብቻ እየተጨመረበት ለማግስቱ ይቆያል። እንዲህ ተደጋግሞ የጋለ ዘይት ጉበት እንደሚጎዳ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ታይቷል።

ለጉበት በሽታ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስና አረቄም ዋና ዋና መንስኤዎች ስለሆኑ ሁሉንም በዘይት ማላከክ አይገባም። ሆኖም ከጀሪካን እየተቀዳ በችርቻሮ የሚሸጥ ዘይት ምንነቱ ለገዢው አይታወቅምና፣ የንግድ ተቆጣጣሪዎች ቸርቻሪው ዋናውን መለያ ጽሑፍ ከፊት ለፊት እንዲያስቀምጥ፣ አሳ ቤቶችም የጠቆረውን ዘይት በየዕለቱ እንዲደፉ ያስገድዱልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር