ከክፍሉ የምንወጣው ፈርተን አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ሕክምና ምስል መሣሪያዎችና በዘርፉ ስላለው የሥራ ዕድል ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ፣ እንጀራዬ ነውና ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው አነበብኩት። ብዙውን እንዳላየሁ ባለፍኩት ነበር፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አላሳልፍ አለችኝ። ዘጋቢያችሁ የራጅ ጨረር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለማስረዳት፣ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው «ሠራተኛ» እንኳ አዝራሩን ከመጫኑ በፊት ከክፍሉ ሮጦ እንደሚወጣ በማስረጃነት አቅርቧል።

ሮጦ! እኔ ከዚያ ክፍል ሮጬ የማውቀው ታካሚ ራሱን ስቶ ሲወድቅብኝ ሐኪም ለመጥራት ብቻ ነው።

ጉዳዩ የክብር ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሳሁ። ዘገባው በወጣ ሰሞን ሳል አልለቅ ያላቸው አዛውንት ለደረት ራጅ ታዘውላቸው መጡ። አስተካክዬ አቆምኳቸውና ወደ መቆጣጠሪያው ስመለስ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፤ ተከትለውኝ ወጥተዋል። «አባቴ፣ እባክዎን እዚያው ይቁሙልኝ» ብላቸው፣ «አንተ የምትሸሸውን እኔ ምን በወጣኝ ቆሜ ልጠብቀው ልጄ? ጋዜጣ ላይ አንብቤዋለሁ» አሉኝ። ደጅ ላይ ወረፋው ተሰልፎ ሳለ ቁጭ ብዬ የጨረር ትምህርት ሰጠኋቸው። ለዚህ ትምህርት የሚከፈለኝ የለም፤ ለዘጋቢያችሁ ግን ለጽሑፉ ተከፍሎታል ብዬ እገምታለሁ።

ለእርሳቸው የነገርኳቸውን ለእናንተም ልድገመው። አንድ የደረት ራጅ ለታካሚው የሚሰጠው የጨረር መጠን 0.1 ሚሊሲቨርት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ማንኛውም ሰው ራጅ ክፍል ደጃፍ ሳይደርስ፣ ከአፈር፣ ከአየርና ከጠፈር በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ይቀበላል። ስለዚህ ታካሚው በዚያች ቅጽበት የሚያገኘው ተፈጥሮ በሁለት ሳምንት ገደማ ከምትሰጠው አይበልጥም፤ በምትኩ ሳንባው ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔ ግን ሕመምተኛ አይደለሁም፤ ከምስሉ የማገኘው የጤና ጥቅም የለም። ከእያንዳንዱ ታካሚ ሰውነት እየነጠረ የሚበተነው ጨረር ትንሽ ቢሆንም፣ ቀኑን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ እስከ ጡረታ አጠገቡ ብቆም ይጠራቀምብኛል። መንገድ ሲያቋርጥ ካፊያ የነካውና ከጠዋት እስከ ማታ ካፊያ ላይ የቆመ ሰው እኩል አይበሰብሱም። ደረታችን ላይ የጨረር መለኪያ ባጅ አንጠልጥለን የምንውለው፣ ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽንም ለሠራተኞች በአምስት ዓመት ሲሰላ በዓመት በአማካይ 20 ሚሊሲቨርት የሚል ጣሪያ ያስቀመጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህንንም ያወቅነው በሰው ሕይወት ዋጋ ነው። ዘገባችሁ እ.ኤ.አ. በ1895 ከነበረው ከሮንትገን የራጅ ግኝት ተነሥቶ፣ በአንድ ዝላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ አረፈ። በመሐል የነበረው ሰው የት ገባ? የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ እጆቹን በጨረር ተበልቶ፣ ክንዶቹ ተቆርጠው በ1904 ሞተ። በጀርመን ሃምቡርግ ከተማ በ1936 የቆመ ሐውልት አለ፤ በዚህ ሥራ ላይ የሞቱ ከ160 በላይ ሰዎች ስም ተቀርጾበታል። ማሪ ኩሪም በአንደኛው የዓለም ጦርነት የራጅ መኪናዎችን ወደ ግንባር ስትልክ መሣሪያውን ብቻ አልላከችም፤ ሴቶችን ሰብስባ የሚያሠሩትን ባለሙያዎች አሠለጠነች። መሣሪያ ያለ ባለሙያ ዕቃ መሆኑ ያኔም ይታወቅ ነበር።

እናንተ ግን ምስሉን የሚያነበውን ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቱን አነጋገራችሁ፤ መልካም። መሣሪያ አስመጪ አነጋገራችሁ፤ ይሁን። ምስሉን ስለሚያነሣው ቴክኖሎጂስት ሥራ በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ቴክኖሎጂስት አለመጠየቅ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ውጤቱም ያው ሆነ፦ «አዝራር የሚጫን፣ በአጭር ሥልጠና የሚገኝ ሥራ»። እኔ ይህን አዲስ አልሰማሁትም፤ ዘመዶቼ ሳይቀሩ «ታዲያ ዋናውን ትምህርት መቼ ነው የምትጀምረው?» ሲሉኝ ኖረዋል። አሁን በጽሑፍም ማስረጃ አገኙ።

እስቲ አዝራሩን እንጫን። የታዘዘው ሳል የያዛት የሁለት ዓመት ሕፃን ደረት ነው እንበል። እየጮኸች ነው። እናቷን እርጉዝ አለመሆኗን ጠይቄ፣ የእርሳስ ሽርጥ አልብሼ፣ የልጅቷን እጆች ወደ ላይ እንድትይዝልኝ አደርጋለሁ። ልጅቷ በትንሹ እንኳ ከዞረች ልቧ የሌለ እብጠት ያለበት ይመስላል። የቀኝና የግራ ምልክቱን ካሳሳትኩ ሐኪሙ በጤነኛው ጎን በኩል መርፌ ሊሰድ ይችላል። መጠኑን ለትልቅ ሰው እንደተቀመጠ ብተወው ከሚያስፈልጋት በላይ ጨረር አሸክማታለሁ። ይህን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ በመስኮቱ መስታወት በኩል ደረቷን አያለሁ። «ልጄ፣ ትንፋሽ ሳቢና ያዢ» ብላት አትሰማኝም። ስለዚህ ጩኸቷን አዳምጣለሁ። የሚያለቅስ ሕፃን ጩኸቱን ጨርሶ ለሚቀጥለው አየር ሲስብ ሳንባው ይሞላል፤ አዝራሩን የምጫነው በዚያች ቅጽበት ነው። ቀድሜ ብጫን ባዶው ሳንባ ነጭ ሆኖ ይወጣና የሳንባ ምች የሌለባት ልጅ ምች ይወጣላታል። አዎ፣ አዝራር ነው። ዘገባችሁ በቅርቡ ይተካናል ያለው አስተውሎት ይህችን ልጅ ሲያባብል ለማየት እጓጓለሁ።

ጨረር ቀልድ ነው አላልኩም። በራጅ ጨረር ሰውነትን በቁራጭ በቁራጭ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ለሆድ ሲነሣ 10 ሚሊሲቨርት ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ ያለ በቂ ምክንያት የሚታዘዝ ሲቲ ሲገጥመኝ ለሐኪሙ ደውዬ የምጠይቅበት ጊዜ አለ፤ የሚቆጡም አሉ። እውነተኛው የጨረር ጥያቄ ያለው እዚያ ነበር፤ ሰፊ ዘገባችሁ ሊገባበት የሚገባው በር እሱ ነው። የደረት ራጁን ጭራቅ አድርጎ ሲቲውን በአንድ መስመር ማለፍ ግን አንባቢን የሚያስፈራው በማያስፈራው፣ የሚያዘናጋው ደግሞ ሊያስብበት በሚገባው ነው።

ከሁሉ የከፋው ኤምአርአይን ከነዚህ ጋር ደምራችሁ «ጨረር አመንጪ» ከሚለው ሠንጠረዥ ውስጥ ማስገባታችሁ ነው። ኤምአርአይ የሚሠራው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው፤ እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለውም። አልትራሳውንድም በድምፅ ሞገድ ነው፤ ለዚህም ነው ፅንስ የምናይበት። እንደ ቸርነት ቆጥራችሁ አልትራሳውንድን ብቻ ከሠንጠረዡ አውጥታችኋል።

ሠንጠረዡን አርማችሁ እንድታወጡ እጠይቃለሁ፤ ስታርሙም ያልጻፋችሁትን አደጋ ጨምሩበት። የኤምአርአይ ማግኔት ሰው ኖረም አልኖረም፣ ምስል ተነሣም አልተነሣም ሁልጊዜ እንደሠራ ነው። የኦክስጅን ሲሊንደር ከአልጋ አጠገብ ነጥቆ ሊያስወነጭፍ ይችላል። ልቡ ላይ የምት መቆጣጠሪያ የተቀበረለት፣ ጆሮው ውስጥ የመስሚያ መሣሪያ የተተከለለት ወይም ዓይኑ ውስጥ የብረት ፍንጣሪ የገባበት ሰው በሩን ከማለፉ በፊት መናገር አለበት፤ የሚነግረውም በሩ ላይ ቅጽ ይዞ እየደጋገመ ለሚጠይቀው፣ እናንተ «ሠራተኛ» ላላችሁት ሰው ነው።

አንድ የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት